«ሜዳ አይደል እንዴ?» ስለ ሰሜን ስኮትላንድ የእግር ጉዞ የሚባሉና ያልሆኑ ነገሮች

የምኖረው ስኮትላንድ ነው። ሐበሾችን ሰብስቤ ወደ ሰሜኑ የባሕር ዳርቻ መውጣት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከለንደን ይመጣሉ፣ ከፍራንክፈርት ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ። ሰዎቹ ይለያያሉ፣ ወሬው ግን አንድ ነው። «የብሪታንያ ትልቁ ተራራ ስንት ነው? 1345 ሜትር? እኛ እኮ ደብረ ብርሃን ላይ ስንወለድ የዚያ እጥፍ ከፍታ ላይ ነበርን!» ከዚያ ወደ ረግረጉ ያዩና «ይሄማ ሜዳ ነው» ይላሉ። ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው።

ትናንሾቹን ቶሎ ላስወግድ።

«የብሪታንያ ዋና ምድር ሰሜናዊ ጫፍ ጆን ኦግሮትስ ነው።» አይደለም፣ ደነት ሄድ ነው። ጆን ኦግሮትስ ፎቶ መነሻ ምልክት ስላለው ነው ስሙ የገነነው።

«ኬፕ ራዝ ድረስ በመኪናችን እንነዳለን።» አትነዱም። ኬፕ ራዝ የዋናው ምድር ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ነው። ደርነስ ከምትባለው መንደር አጠገብ ያለውን የባሕር ክንድ በትንሽ ጀልባ ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ ሚኒባስ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮረኮንች መንገድ ያንገጫግጫችኋል። እሱም በበጋቸው ወራት ብቻ፣ አየሩ ከፈቀደ። በእግር የሚመጣ ደግሞ ከደቡብ ሳንድዉድ ቤይ በሚባለው የባሕር ዳርቻ በኩል ይመጣል። ወደዚያም የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም።

«የሰው መሬት ነው፣ ያባርሩናል።» በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት) የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተጓዘ ድረስ አብዛኛውን መሬት በእግሩ እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። የሰው ግቢ አትግቡ፣ የከፈታችሁትን የከብት በር ዝጉ። በቃ።

«ውሃው ቡናማ ነው፣ ተመርዟል።» ቀለሙ ቀጭን ሻይ የሚመስለው ከፒቱ፣ ማለትም ረግረጉ ውስጥ ከተከማቸው የተክል ቅሪት ነው እንጂ መርዝ ኖሮት አይደለም። ግን አፍሉት። ከላይ በኩል የሞተ በግ ይኑር አይኑር አታውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሜዳ ስለሆነ ቀላል ነው።» ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

በኬትነስና በሰዘርላንድ በሚባሉት ሰሜናዊ አውራጃዎች የተዘረጋው ፍሎው ካንትሪ የሚባለው ረግረግ ወደ 4000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ከሩቅ ስታዩት ፈረስ የሚያስጋልብ ሜዳ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ግን እኛ የምናውቀው አፈር አይደለም። ፒት ነው። ተክሉ በውሃ ተሸፍኖ አየር ስለሚያጣ በደንብ ሳይበሰብስ ይከማቻል። በዓመት የሚጨምረው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ካበቃ ወዲህ ሲከማች ኖሮ አንዳንድ ቦታ 10 ሜትር ጥልቀት ደርሷል። ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ሜዳ የምትሉት እሱን ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የደባርቅ ሰው አብረውን ነበሩ። «ጋሼ፣ እባክዎ እኔ የረገጥኩትን ብቻ ይርገጡ» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ እኔ ሰሜን ተራራ ላይ ፍየል ስጠብቅ ነው ያደግሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ገደል አፋፍ ላይ ከእኔ ይሻላሉ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ደማቅ አረንጓዴ፣ መሃሉ ቀላ ያለ ለስላሳ ቦታ አዩና የደህና ሣር መስሏቸው ወጡበት። ቀኝ እግራቸው እስከ ታፋቸው ገባ። በግራው ተደግፈው ሊያወጡት ሲሉ ግራውም ተከተለ። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ለሁለት ጎትተን ስናወጣቸው ጭቃው እግራቸውን ለቀቀ፣ ጫማውን ግን አስቀረው። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከትቼ፣ ጉንጬ ጭቃ ላይ ተለጥፎ፣ በማሰሪያው ስቤ ነው ያወጣሁት። ከዚያ በኋላ ጋሼ ዝም ብለው ከኋላዬ መጡ።

ያ ደማቅ አረንጓዴ ስፋግነም የሚባል ውሃ የሚመጥ ተክል ነው። ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ምንጣፍ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል በሩቁ እለፉት። የተሻለ የሚያስረግጠው የእኛ የአስታ ዘመድ የሆነው ሄዘር ያለበትና ጓሳ መሰል ጠንካራ ሣር የበቀለበት ጉብታ ነው። ዱላ ያዙ። ዱላው በቀላሉ ከገባ እግራችሁም ይገባል። ፒቱ በውሃ የተሸረሸረበት ቦታ ደግሞ ጥቁር ቦይ አለ፤ ግድግዳው ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል። ወርዳችሁ ትወጣላችሁ፣ እንደገና ትወርዳላችሁ። ቀጥታ መስመር የሚባል ነገር የለም። አስፋልት ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው እዚህ 2 ከሄደ ጎበዝ ነው። የጉዞ ሰዓታችሁን ስታሰሉ ይህን አስቡ። በተለይ በታኅሣሥ አስቡት፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲል ፀሐይዋ ትጠልቃለች።

በተቃራኒው ደግሞ ፊልም አይተው «ረግረጉ ሰውን ሙሉ በሙሉ ይውጣል» የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ ጉልበት ወይም ታፋ ላይ ነው የሚያቆመው። የሚጎዳው ብርዱ፣ የተጠመዘዘው ጉልበትና የጠፋው ጫማ ነው። ከገባችሁ አትንፈራገጡ። ቦርሳውን አውልቁ፣ ወደ ኋላ ጋደም በሉና ክብደታችሁን አሰራጩ፣ እግራችሁን ቀስ እያላችሁ ነቅንቃችሁ አውጡ። ጥቋቁሮቹ ኩሬዎች ግን ሌላ ነገር ናቸው። ጥልቀታቸው አይታይምና ጠርዛቸው ላይ አትቁሙ።

«ብርድ ለምደናል።» የሰሜን ተራራ ብርድ በአብዛኛው ደረቅ ነው። ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ጠዋት ፀሐይ ትወጣና ይለቃል። እዚህ በሐምሌ 10 ዲግሪ ላይ ሰው ከሙቀት ማነስ የተነሳ መናገር ሊያቅተው ይችላል። ዝናቡ ከጎን ይመጣል፣ ነፋሱ ከአትላንቲክ ነው፣ መጠለያ ዛፍ የለም። ጋቢ ይዛችሁ ስትመጡ ደስ ይለኛል፤ ግን ድንኳን ውስጥ ይሁን። ጥጥ ከራሰ ሙቀት ይወስዳል። ጂንስም ያው ነው። ሱፍ ልበሱ። አያቶቻችን በርኖስ ሲደርቡ ያውቁ ነበር።

«ወንዙ ትንሽ ናት።» ደራሽ ውሃ እዚህም አለ። ጠዋት በድንጋይ ተረማምዳችሁ የተሻገራችኋት ጅረት ከሰዓት በኋላ ወገብ ልትደርስ ትችላለች። ከሞላች ጠብቁ ወይም ተመለሱ።

«ስልክ አለኝ።» ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። ካርታውን አስቀድማችሁ ካወረዳችሁ ስልኩ ያለ ኔትወርክም ያላችሁበትን ያሳያል፤ ባትሪው በብርድ እስኪሞት ድረስ። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዙ። ችግር ሲገጥም 999 ወይም 112 ደውሉ፤ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ አዳኞችን በሉ። ከአሜሪካ የሚመጡት «ሂሳቡ ስንት ነው?» ይሉኛል። አዳኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አያስከፍሉም።

«ትንኝ ካለ ወባ አለ።» የለም። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ የሚወርሯችሁ ትንኞች ያሳብዳሉ እንጂ በሽታ አያስይዙም፤ ነፋስ ሲነሳም ይጠፋሉ። መፍራት ያለባችሁ መዥገርን ነው፤ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ማታ ብብትና ጉልበት ሥር ተፈታተሹ። ክብሪት መለኮስ፣ ላምባ ወይም ቅቤ መቀባት የሚባለውን እርሱት። በቀጭን ወረንጦ ቆዳችሁ አጠገብ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ካያችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

«ባዶ መሬት ነው፣ ለምን ዛፍ አይተክሉበትም?» አረንጓዴ አሻራን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል፣ አልፈርድበትም። ግን ተሞክሯል። በ1980ዎቹ በግብር ቅናሽ የተማረኩ ባለሀብቶች ረግረጉን በቦይ አድርቀው ጽድ መሰል የፈረንጅ ዛፍ ተከሉበት። ፒት ሲደርቅ አየር ያገኛል፣ ይበሰብሳል፣ ለሺህ ዓመታት የያዘውን ካርቦን ይለቃል። ቅናሹ በ1988 ቆመ። አሁን ፎርሲናርድ አካባቢ ዛፉን እየቆረጡ፣ ቦዩን እየደፈኑ ነው። ረግረጉም በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ፒት ከምድር የብስ 3 በመቶውን ብቻ ይዞ በዓለም ደኖች ሁሉ ላይ ካለው ተክል የበለጠ ካርቦን አምቆ ይዟል። ስለዚህ ቡና ለማፍላት ብላችሁ ከሰል እንዳታያይዙ። በ2019 በዚሁ አካባቢ እሳት ለቀናት ነዷል። ፒት ከመሬት ሥር እየተሳበ ስለሚነድ ላዩ ላይ ውሃ ደፍታችሁ የጠፋ ይመስላችኋል። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ፣ ጀበናውን እሱ ላይ ጣዱ።

የመጨረሻው፦ «የተኩስ ቀጠና የሚለው ታፔላ የድሮ ነው።» የድሮ አይደለም። ኬፕ ራዝ ዙሪያ ያለው መሬት ዛሬም የብሪታንያ ጦር የእውነተኛ ቦምብና መድፍ መለማመጃ ነው። በዋናው ምድር ረጅሙ የባሕር ገደል የሚባለው 281 ሜትሩ ክሎ ሞርም፣ ብዙዎቻችሁ ልታድሩባት የምትመኟት ኪርቬግ የምትባለው ነፃ ማደሪያ ጎጆም እዚያው ቀጠና ውስጥ ናቸው። የተኩሱ ቀን አስቀድሞ ስለሚገለጽ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዩት። ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ካያችሁ «ከፍራንክፈርት ድረስ መጥቼ» የሚለው ክርክር ስለማይሠራ ወደ ደርነስ ተመልሳችሁ «ስሙ» የሚባለውን ዋሻ እዩ፤ መግቢያው ነፃ ነው።