የብሪታንያ የቤት ውስጥ ቴኒስ ሻምፒዮና

የብሪታንያ የቤት ውስጥ ቴኒስ ሻምፒዮና በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በ1885 ለንደን ውስጥ የተጀመረና ጣሪያ ባለው አዳራሽ ይካሄድ የነበረ ውድድር ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊምብልደን የተባለው ዝነኛ የሣር ሜዳ ውድድር ከተጀመረ ከስምንት ዓመት በኋላ ተመሥርቶ እስከ 1971 ዘልቋል። ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ቢሆንም በሣር ላይ ብቻ ይታወቅ የነበረው ጨዋታ በሌላ ወለል ላይ ምን መልክ እንደሚይዝ ቀድመው ካሳዩት መድረኮች አንዱ ነበር።

ነገሩን ለየት የሚያደርገው ቴኒስ ቀድሞም የቤት ውስጥ ጨዋታ መሆኑ ነው። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነገሥታት ለዘመናት የተጫወቱት ጥንታዊው ቴኒስ ግድግዳና ጣሪያ ያለው አዳራሽ ይፈልግ ነበር፤ በጨርቅ ወይም በፀጉር የተሞላው ኳስ ሣር ላይ ቢወድቅ አይነጥርም። ጨዋታውን ወደ ደጅ ያወጣው ጎማ ነው። የጎማ ኳስ ለስላሳ ሣር ላይም ስለሚነጥር፣ ሻለቃ ዋልተር ዊንግፊልድ በ1874 በግቢ ሣር ላይ የሚዘረጋ መረብና ሜዳ አዘጋጅቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። በ1877 ደግሞ 22 ተወዳዳሪዎች ዊምብልደን ላይ ተገናኝተው ስፔንሰር ጎር አሸነፈ። እንዲህ ከአዳራሽ የወጣው ጨዋታ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ደጅ ቆይቶ ተመልሶ ጣሪያ ሥር ገባ።

ምክንያቱ የእንግሊዝ ሰማይ ነው። የሣር ሜዳ የሚያገለግለው በበጋቸው ወራት ብቻ ሲሆን ያም ቢሆን ዝናብ አያጣውም። ሣሩ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በጨርቅ የተለበጠው ኳስም ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ገንዘብ የተረፈው ክረምቱን ደቡብ ፈረንሳይ ሄዶ ይጫወት ነበር፤ የዘመኑ ዝነኞች፣ መንታዎቹ ዊልያምና ኧርነስት ሬንሾ፣ ካን ከተማ ላይ ክረምቱን የሚያሳልፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ለንደን ለቀረው ግን ጣሪያ ያስፈልገው ነበር። ያን ያህል ስፋት ያለምሰሶ መሸፈን ደግሞ ቀላል ወጪ ስላልሆነ፣ የቤት ውስጥ ቴኒስ የሀብታም ክበቦች ጨዋታ ሆኖ ቆየ።

የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው ቤይስዎተር በሚባለው የለንደን ሰፈር፣ ፖርቸስተር አደባባይ አጠገብ በነበረው የሃይድ ፓርክ ቴኒስ ክበብ ነው። ዋንጫውን የወሰደው ኸርበርት ሎፎርድ ነበር። ሎፎርድ ከኋለኛው መስመር ሳይነቃነቅ፣ ኳሱን ከላይ እየጠቀለለ በኃይል የሚመታ ተጫዋች ሲሆን ይህ ምቱ በራሱ ስም እስከ መጠራት ደርሷል። ዊምብልደን ላይ ግን ዊልያም ሬንሾ የማይታለፍ ግድግዳ ሆነበት፤ በ1884፣ በ1885 እና በ1886 በተከታታይ በመጨረሻው ግጥሚያ ረታው። ስለዚህ ሎፎርድ በ1885 የሣሩን ዋንጫ አጥቶ የአዳራሹን ይዞ ዓመቱን ጨረሰ። ዊምብልደንንም በመጨረሻ በ1887 አሸንፏል።

በ1890 ውድድሩ ወደ ኩዊንስ ክለብ ተዛወረ። ምዕራብ ኬንሲንግተን የሚገኘው ይህ ክለብ በ1886 ተመሥርቶ በንግሥቲቱ ማዕረግ የተሰየመ ሲሆን ከቴኒስ ሌላ እግር ኳስ፣ ራግቢና አትሌቲክስ ያስተናግድ ነበር። የተሸፈኑት ሜዳዎቹ ወለል እንጨት ነበር። እንጨት ላይ ኳስ ብዙም ከፍ ሳይል ተስፈንጥሮ ስለሚያልፍ ተቀባዩ ክንዱን ለማንሣት እንኳ ጊዜ ያጥረዋል። በዚህ የሚጠቀመው በኃይል የሚሰርብና (የመጀመሪያውን ምት የሚመታና) ወዲያው ወደ መረቡ ሮጦ ኳሱን ሳይነጥር የሚመታው ነው። በሌላ በኩል ነፋስ የለም፣ ፀሐይ ዓይን አያሳውርም፣ የተነቀለ ሣር ኳሱን አያሳስትም፤ ስለዚህ የተሸነፈ ሰው የሚያማርርበት ነገር አይኖረውም። የእኔ ግምት፣ የአዳራሹ ወለል የተጫዋችን ችሎታ ከዊምብልደን ሣር ይልቅ በትክክል የሚለካ ነበር።

ለዚህ ጥሩ ምስክር ኧርነስት ሉዊስ ነው። ዊምብልደንን አንድም ጊዜ በነጠላ (አንድ ለአንድ በሚደረገው ውድድር) ያላሸነፈው ይህ ሰው፣ በ1880ዎቹ መጨረሻና በ1890ዎቹ መጀመሪያ የቤት ውስጡን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። በሁለቱም ወለል የበላይ ለመሆን የበቃው ሎሪ ዶኸርቲ ሲሆን ከ1901 እስከ 1906 ስድስት ጊዜ በተከታታይ የኩዊንስን፣ ከ1902 ጀምሮ ደግሞ አምስት ጊዜ የዊምብልደንን ዋንጫ አነሣ።

የሴቶች ነጠላ የተጨመረው ውድድሩ ኩዊንስ በገባበት በ1890 ነው፤ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሜይ ጃክስ ነበረች። ከእርሷ በኋላ ሞድ ሻክልና ኢዲዝ ኦስቲን ስማቸው ገነነ። ሴቶቹ የሚጫወቱት ወገብ ጠፍሮ በሚይዝ የውስጥ ልብስና እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ቀሚስ መሆኑን ስናስብ፣ ፈጣኑ እንጨት ላይ ዝቅ ብሎ የሚመጣን ኳስ መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ልማዱ ከእንግሊዝም ወጣ። አሜሪካ በ1898 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውተን ላይ የራሷን የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ጀመረች፤ በ1900 ውድድሩ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሰባተኛው ክፍለ ጦር ሰፊ የጦር መሣሪያ አዳራሽ ገባ። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ የቤት ውስጥ ቴኒስ ራሱን ችሎ የሜዳሊያ ውድድር ሲሆን ኩዊንስ አስተናገደው፤ አርተር ጎርና ግዌንዶሊን ኢስትሌክ ስሚዝ በነጠላ ወርቅ አገኙ። በ1912 ስቶክሆልም ላይም ተደግሟል።

ሻምፒዮናው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊውን ዣን ቦሮትራን አፈራ፤ ከ1926 እስከ 1949 ባለው ጊዜ 11 ጊዜ አሸንፏል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ ዌምብሊ ተዛውሮ በ1969 እና በ1970 አውስትራሊያዊው ሮድ ሌቨር፣ በ1971 ሮማኒያዊው ኢሊ ናስታሴ አሸነፉና በዚያው ቆመ። ኩዊንስ ክለብ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ከዊምብልደን በፊት በየሰኔው በሚያዘጋጀው የሣር ሜዳ ውድድር ነው።