ሆረር ፊልም፣ ጅብ እና መብራት፦ ስለ ፍርሃት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ማታ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። አምስት ሆነን ሆረር ፊልም እያየን ነው። ልጅቷ የምድር ቤቱን በር ቀስ ብላ ስትከፍት መብራት ሄደ። የፊልሙ ሳይሆን የእኛው መብራት። ወዲያው ከኮረብታው በኩል ጅብ ጮኸ። ጓደኛዬ ፈንዲሻውን ሶፋው ላይ በተነው፤ እኔ ያልኩትን አልናገርም። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሁላችንም ተከተልን፣ ማቆም አቃተን።

ጠዋት ደረጃ ላይ ያገኘኋቸው ጎረቤታችን እማማ «ማታ ምን ሆናችሁ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ጤነኛ ሰው ፈልጎ ይደነግጣል?» ብለው አማተቡ። እንዲህ የሚለው ሰው ብዙ ስለሆነ ስለ ሆረር ሲባሉ የምንሰማቸውን እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሆረር የሚወድ ሰው ፈሪ አይደለም»

ኧረ ይፈራል! ካልፈራ ምኑ ይጥመዋል? የዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 110 ሰዎች ላይ የልብ ምት መለኪያ አስረው፣ ሰው ለመዝናናት ከፍሎ የሚደነግጥበት የማስፈራሪያ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። ጥናቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጣም የተደሰቱት ምንም ያልፈሩት አይደሉም፣ ነፍሳቸው ልትወጣ የደረሰችውም አይደሉም። መሃል ላይ ያሉት ናቸው።

ከሚጥሚጣ ጋር ያመሳስሉት። ጥሬ ሥጋ ያለ ሚጥሚጣ አይሆንም፣ ግን ጭልፋ ሙሉ የሚቅም የለም። ምላስ «ተቃጠልኩ» ይላል፣ አእምሮ ደግሞ እሳት እንደሌለ ያውቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፖል ሮዚን ቃሪያ መውደድንና በፊልም መፍራትን አንድ ላይ ያያቸዋል፤ ሁለቱም ጉዳት የሌለው ራስን ማሰቃየት ናቸው ባይ ነው።

«ጭካኔ ስለሚወዱ ነው»

ማታ ስንጮህ የነበረው «ሩጪ!» እያልን ነው። ለልጅቷ የማያዝን ሰው ብትያዝ ባትያዝ ምን ያስደነግጠዋል? ደም ብቻ የሚረጩ ፊልሞች አሉ፣ አልክድም። እኔ አልወዳቸውም፤ የሚያስፈሩ ሳይሆኑ የሚያስጠሉ ናቸው።

«ፊልም መሆኑን ስትረሳ ነው የሚጥምህ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ማታ አምስት ሰዓት ታክሲ ዋናው መንገድ ላይ ጥሎኝ ሄደ። የመንገዱ መብራት የለም፣ በስልኬ እያበራሁ ወደ ብሎካችን ስሄድ ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ ሁለት ዓይኖች አብለጨለጩ። ክው አልኩ። ልቤ ደረቴን ሊሰብር ደረሰ፣ አፌ ደረቀ፣ እግሬ ልሩጥ ልቁም ጠፋው። ቅዳሜ ሶፋ ላይ የሆንኩት ከዚህ ብዙም አይለይም፤ አድሬናሊኑም የልብ ምቱም ያው ነው። ያን ማታ ግን ቅንጣት ደስታ አልነበረም። ያው ጅብ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ተዘግቶ ሲሰማ ሙዚቃ ነው። ልዩነቱ በሩ ነው። ፊልም ላይ ደግሞ ሪሞቱ እጅህ ላይ ነው፣ ጓደኛህም አጠገብህ አለ። ይሄን ስትረሳ ደስታው አብሮ ይሄዳል።

ሳቁስ ከየት መጣ? ዶልፍ ዚልማን የተባለው ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያብራራው ነገር አለ። ሰውነት አንዴ ከተቀሰቀሰ ቶሎ አይበርድም። አደጋው ሲያልፍ የተረፈው ግለት ለእፎይታው ጉልበት ይሆነዋል፤ ስለዚህ እፎይታው ከተራ እፎይታ ይበልጣል። (ለሦስት ሰዓት የጠፋ መብራት ሲመጣ ብሎኩ ሁሉ ለምን በአንድ ድምፅ «ዬዬዬ!» እንደሚል እኔ በዚህ ነው የገባኝ።) መጨረሻው ምንም የማያሳርፍ ፊልም አይተን ስንወጣ የሚከብደንም ከዚህ ጋር ይያያዛል ብዬ እገምታለሁ።

«የሚያስፈራው የምናየው ነገር ነው»

ድምፁን አጥፍተህ እየው። ግማሹ ኮሜዲ ይሆናል።

«ልጆችም ይዩት፣ ይደፍሩበታል»

ተዉ! ትንሽ ልጅ የእውነቱንና የፈጠራውን ድንበር በደንብ አይለይም፤ «ውሸት ነው እኮ» ማለት ለእሱ በሩን አይዘጋለትም። የአምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከእኛ ጋር አሥር ደቂቃ አይቶ ሳምንት ሙሉ ሽንት ቤት ብቻዬን አልገባም አለ። እህቴ እስካሁን ታኮርፈኛለች፣ እውነቷን ነው።

እሁድ ከሰዓት እማማ ቡና ጠሩን። ሁለተኛው ላይ ስለ ጅብ ተነሳና እሳቸው ልጅ ሳሉ አንድ ሌሊት የጎጆአቸውን በር ምን እንደገፋው ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጀበናውን ያዝ አድርገው ዝም አሉ፣ አንድ በአንድ አዩን። ፈንዲሻውን ማንም አልነካም።

«ከዚያስ እማማ?» አልናቸው።