«የምትበላውን ስጡአት»

ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣት በኋላ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛው፣ የሆነውን ለማንም እንዳይናገሩ ነው። ሁለተኛው፣ «የምትበላውን ስጡአት» የሚል ነው። ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ሞትን ያሸነፈ ጌታ ረሃቧን በቃሉ ማስታገሥ አያቅተውም ነበር። ምግቡን ግን ለቤተሰቧ ተወው። ስንሰብክ ትንሣኤዋን እንጂ ምሳዋን አናነሣም። ዛሬ ምሳዋ ላይ እንቆይ።

ይህን ያነሣሁት በመካከላችን ውፍረት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወገኖች ስላሉ ነው። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ታክመው ባሕር ዳር ሲመለሱ ሐሜትና ጉርሻ ይጠብቃቸዋል። ሐሜቱ «ጾም እያለላት ቢላዋ ምን አስፈለጋት?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ጾም ደግሞ ኪሎ መቀነሻ ሆኖ አልተሠራልንም። አለቀ።

ጉርሻው ግን ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል። በቅርቡ አንድ የጽዋ ማኅበር ላይ፣ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላት ወር ያልሞላት እኅት ተቀምጣ ነበር። የቤቱ እናት «ምነው ልጄ፣ አልጣፈጠሽም እንዴ?» እያሉ ዳጎስ ያለ ጉርሻ አጎረሷት። እምቢ ማለት አልቻለችም። አላመጠችው፣ አላመጠችው፣ አልወርድ አለ። በመጨረሻ ፊቷን ዞር አድርጋ በነጠላዋ ከለል አለችና ሶፍት ላይ ተፋችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እማማ በፍቅር ነው ያደረጉት። ማንም አልነገራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዛት ከሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች በአንደኛው ከጨጓራ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው መጀመሪያ ላይ ከሁለት የቡና ሲኒ ብዙም አይዝም። ስፌቱ እስኪድን ድረስ የሚበላው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ውኃና የተጣራ ሾርባ፣ ቀጥሎ እርጎና ቀጭን አጥሚት፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ምግብ። ወደ መደበኛው ምግብ የሚደረሰው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እንጀራና በርበሬ ከኋለኞቹ ናቸው። መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለብዙዎቹ ረሃብ የሚባል ነገር ይጠፋል። ሆድ ዝም ይላል። ይሄኔ አንዳንዱ «እግዚአብሔር ጾምን አቀለለልኝ» ብሎ ደስ ይለዋል፣ ምግብም ይተዋል። ተሳስቷል። ጾም የምትፈልገውን ስለ እግዚአብሔር ብለህ መተው ነው። ያላማረህን ብትተው ምን ተውክ? ለእንዲህ ያለ ሰው ተጋድሎው መብላቱ ነው። ሳይርበው በሰዓቱ መቀመጥ፣ ትንሽ ቆርሶ በደንብ ማላመጥ፣ በቃኝ ሲል ማቆም። ኤልያስን አስቡት። ደክሞት ሞቱን ሲለምን መልአኩ የመጣለት እንጎቻና ውኃ ይዞ ነው። በላና ተኛ። መልአኩ ተመልሶ ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው (1ኛ ነገሥት 19)። ሲበላ አልተወቀሰም።

ምን ይብላ? ቅድሚያው ለፕሮቲን ነው። ብዙ ሐኪሞች በቀን ቢያንስ 60 ግራም ይላሉ። 100 ግራም አሳ 20 ግራም ያህል፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ያህል ይሰጣል። የጣና ቆሮሶ ደረጃው ሲደርስ ያለ በርበሬ ተቀቅሎ፣ አጥንቱ በደንብ ተለቅሞ ቢቀርብ ሸጋ ምግብ ነው። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የባሕር ዳር ክርክር ለዛሬ ተዉልኝ። የማወራው ስለ ታማሚ ነው።) ማርና ስኳር ግን ያታልላሉ። በተለይ በሌላው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ጨጓራው ከአንጀት ጋር ተቀጥሎ ለተሠራለት ሰው ጣፋጭ ነገር ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡን ያስመታል፣ ያስቀምጠዋል። ምሳሌ 25 ላይ ማር ብታገኝ የሚበቃህን ብቻ ብላ፣ አለዚያ ትተፋዋለህ የሚለው ለእርሱ የተጻፈ ይመስላል። ጠላና ጠጅም በትንሹ ቶሎ አናት ላይ ይወጣሉ። የጽዋ ማኅበርተኞች፣ «ቅመስ» እያላችሁ አታስጨንቁት።

ከምግቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። ይህ ሰው ውኃ ገልብጦ መጠጣት አይችልም። በቀን ሊትር ተኩል ገደማ ያስፈልገዋል፣ የሚያገኘው ግን ፉት እያለ ቀኑን ሙሉ ነው። ያውም ከምግብ ጋር ሳይሆን፣ ከበላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ። እስከ 9 ሰዓት አፉን ሳያረጥብ ከዋለ፣ እስከ መኝታ ያለው ሰዓት አያካክስለትም። ሰውነቱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል።

ጸበልም እንደዚሁ። በባዶ ሆድ በጆግ እየጠጡ ማስመለስ ለአዲስ ስፌት አደጋ ነው። አንድ ፉት ይበቃል፣ በረከቱ በሊትር አይለካም። ማስመለሱ ቀናት ከቀጠለ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ቫይታሚን ቢ1 አልቆ ነርቭ ይጎዳል።

ቫይታሚኑ የእምነት ማነስ አይደለም። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። ብረትና ካልሲየም አብረው አይዋጡም፣ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ይኑር። ብረቱን በዘጌ ቡና ማወራረድም ጥቅሙን ያሳጣዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ታማሚን በጾም አታስጨንቅም። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል የሚጾመው 18 ሰዓት ግን በራስ ውሳኔ የሚሸራረፍ ነገር አይደለም። ለንስሐ አባት ሕመሙን ሳይደብቁ መንገር ነው። «የሆድ ሕመም አለብኝ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምን እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ መጠጣት እንዳለበት በግልጽ ይንገራቸው።

አገግሞ ወደ ጾም መመለስ የሚፈልግ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ በረቡዕና በዓርብ ይጀምር። ውኃውን ከጠዋት ጀምሮ እየጠጣ፣ ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ፣ ሽሮውን፣ ምስሩንና የባቄላ ፉሉን በትንሽ በትንሹ ይብላ። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት መዋል ሐኪሙም የንስሐ አባቱም ሲስማሙ ይደረስበታል።