«ሳይደግስ አይጣላም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሥራው የቀረበት፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ ከለመደው ከተማ ነቅሎ አዲስ ቦታ የገባ ሰውማ እስኪሰለቸው ይሰማዋል። «አይዞህ፣ ሳይደግስ አይጣላም።» ሙሉው «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ነው። ደጋሹ ማን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቀው ስሙን የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው።

እግዜር የተጣላህ ሲመስልህ ባላየኸው በኩል ድግስ ደግሶልሃል፣ ያጣኸውን የሚያስረሳ ነገር እየተሰናዳልህ ነው፣ ይህ ነው መልእክቱ። ብዙ ሰው የሚገባው ግን እንደ ካሳ ነው። ከሥራ ከወጣህ የተሻለ ሥራ ታገኛለህ፣ አንዷ ከተወችህ የምትበልጣት ትመጣለች። እኔ በዚህ አልስማማም። አባባሉ ስለ ካሳ አያወራም። ድግሱ ከጥሉ ቀድሟል ነው የሚለው። «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» የሚለውን ውሰዱ፤ እሱ ታገሥ፣ ጠብቅ፣ ይመጣል ይላል። ይሄኛው ግን የሚመጣ ነገር የለም፣ ተጀምሯል፣ አንተ አላየኸውም እንጂ ይልሃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጠዋት ከአልጋህ ለመነሳት ሲያቅትህ ትልቅ ነው።

አባባሉ ድግስ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ በሚያውቅ ሕዝብ አፍ ውስጥ ያደገ ነው። ዛሬ አዳራሽ ተከራይተህ፣ ምግቡን ለሚያዘጋጅ ሰጥተህ ጉዳዩን በስልክ ትጨርሳለህ። በደንቡ ከሄድክ ግን ድግስ የሚጀምረው በጌሾ ወቀጣ ነው። በባህር ዳር ሰፈሮች ዛሬም አልቀረም። የሰፈሩ ሴቶች ይጠራሉ፣ ሙቀጫና ዘነዘና ይወጣል፣ እልልታው ይቀልጣል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ብቅሉ ቀደም ብሎ ተነክሮ፣ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ይጠብቃል። ጌሾው ውሃ ውስጥ ቀናት ከቆየ በኋላ ቂጣውና ብቅሉ ይገባበትና ጥንስስ ይሆናል፣ ቀጥሎ እንኩሮው ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፣ የጋኑ አፍ ይታሰርና ይተዋል። በጎን በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ሽንኩርት ይላጣል፣ እንጨት ይፈለጣል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ተጋባዡ የሚያውቀው ነገር የለም። እንዲያውም ቤቱ ቁጭ ብሎ «እነ እገሌ ረሱኝ» እያለ አኩርፎ ይሆናል። ጋኑ ግን እየፈላ ነው።

«አይጣላም» የሚለውም ቢሆን ከዚያው ኑሮ የወጣ ነው። በእኛ አገር ዘመድ ከዘመዱ ቢጣላም ልጁን ሲድር መጥራቱ አይቀርም። ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃሉ፣ ካልታረቁም ጠርቶ ያበላዋል። ስለዚህ አባባሉ ውስጥ ያለው እግዜር ሩቅ ሰማይ ላይ የተቀመጠ ዳኛ አይመስልም። አኩርፎም ቢሆን ድርሻህን ያስቀመጠልህን አጎት ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ አጎት ደግሞ የሌለው ሰው የለም።

ሃሳቡ በመጽሐፍም አለ። ዳዊት በመዝሙር 23 (በግዕዙ አቆጣጠር 22) በጠላቶቹ ፊት ገበታ እንደተዘጋጀለት ይዘምራል። ሰዎች አባባሉን ሲያስረዱ ግን በብዛት የሚያነሱት ዮሴፍን ነው። ወንድሞቹ ሸጡት፣ ግብፅ ወርዶ ታሰረ፣ በኋላ የግብፅን እህል የሚያዝ ሰው ሆነና እነዚያኑ ወንድሞቹን ከረሃብ አወጣ። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ትንሽ ያስቸግራል። ሁላችንም ዮሴፍ አንሆንም። አብዛኞቻችን ከእስር ቤት ወጥተን ወደ ቤተ መንግሥት አንገባም፣ አክስታችን ቤት አንድ ክፍል ነው የምንገባው።

እኔ እንደዚያ ነው የሆንኩት። አዲስ አበባ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሰው ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩና ዕቃዬን ጭኜ ባህር ዳር መጣሁ። አባባሉን መጀመሪያ የነገረኝ ደብዳቤውን የሰጠኝ ሰው ራሱ ነበር። ይህን አስቡት! የሚጣላህ ሰው ስለ ድግሱ ሲያበስርህ። ከዚያ አክስቴ ያዙት። ጠዋት ቡና ላይ፣ ማታ እራት ላይ፣ ሳይደግስ አይጣላም። አንድ ቀን ሲበዛብኝ «እትዬ፣ ታዲያ ድግሱ መቼ ነው?» አልኳቸው። ረከቦቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ «አንተ ልጅ፣ ቁሌቱ አይሸትህም?» አሉኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ የተሻለ እሱ ሆኖ አገኘሁት። ድግስ ከመድረሱ በፊት ሽታው ይመጣል። ቅምሻ አለ። የጌሾው፣ የሚቆላው በርበሬ፣ የሚነጠረው ቅቤ ሽታ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይደርሳል። ልጆች ገና ወጡ ሳይወርድ በእንጀራ ጫፍ ያጠቅሳሉ፣ ጠላው ገና ጉሽ ሳለ «እስቲ ቅመሰው» ይባላል። ስለዚህ ትልቁን ነገር እየጠበቅህ ትንንሹን የምታልፍ ከሆነ፣ ድግስ ቤት ገብተህ አፍንጫህን ይዘህ እንደመቀመጥ ነው።

ባህር ዳር ደግሞ ለቅምሻ የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳ ስለሆነች በብስክሌት ትዞራታለህ፣ ላብ ሲመጣ ዘንባባው ሥር ትቆማለህ። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ቀኑን ሙሉ ይጨቀጭቅህና ወደ ማታ ከጣና ነፋስ ሲነሳ ከተማው በሙሉ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ በመኪና ዓይንህን ከድነህ እስክትገልጥ ያልቃል። በእግር ከሄድክ ግን ወንዙን እያየህ፣ ፎቶ የሚነሱትን እየጠበቅህ፣ በቆሎ እሸት እየጋጥህ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሃል፣ ሥራ ለሌለው ሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ዓሣው ደግሞ ብዙ መናገር እችላለሁ። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ፣ በቢላ ተተልትሎ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ሲመጣ ማለቴ ነው። አምባዛ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። አልጨቃጨቅም፣ ግን ተሳስተዋል።

ሎሚን ካነሳሁ አይቀር ዘጌን ልጨምር። ከባህር ዳር በጀልባ የሚደረስበት፣ ቡናው በደን ጥላ ሥር የሚያድግበት፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሳሰሉ ገዳማት ያሉበት ባሕረ ገብ መሬት ነው። እዚያ የሚነገር ትውፊት አለ። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ዘጌም እስከ ዛሬ በእነዚሁ ነው የሚታወቀው። እኔ ይህን ስሰማ ቀድሞ የታየኝ የአክስቴ አባባል ነው። የተሰበረው በትር ነው፣ የበቀለው የድግስ ዕቃ! አባባሉ ከዘጌ መጣ እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ግን የጣና ዳር ሰው ይህን አባባል ለምን ቶሎ እንደሚቀበለው ትንሽ ይገባኛል።

አሁን ስለ አነጋገሩ። ለቅሶ ቤት አይባልም። ልጁን ለቀበረ ሰው «ሳይደግስ አይጣላም» የሚል ካለ ዝም ቢል ይሻለዋል፤ እዚያ የሚባለው «እግዜር ያጽናችሁ» ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ሰውም እንዲለው አይመከርም፣ ከላይ እንዳልኩት። ብዙ ጊዜ ከትልቅ ወደ ታናሽ ወይም ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይሄዳል። ሲባል በማብራሪያ አይጀመርም፣ ቡና ይቀዳል፣ ሰውየው የሆዱን ከተናገረ በኋላ መጨረሻ ላይ ጣል ይደረጋል። መልሱ «አሜን» ነው። በተጨማሪ «ደገሰ» የሚለው በተቃራኒውም እንደሚሠራ አትርሱ። «ምን ደግሶልኝ ይሆን?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዶሮ ወጥ እየጠበቀ አይደለም፣ ነገር ነው የሸተተው። ስለዚህ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል።

ወጣቶቹ ደግሞ ቀልድ አድርገውታል። ባለፈው ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የነዳጅ ሰልፍ ጥጉ አልታይ ሲል ሾፌሩን ለማጽናናት አባባሉን ጣል አደረግኩለት። ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ «ወንድሜ» አለኝ፣ «በዚህ ጥል ከሆነማ ሰባት በሬ ነው የተጣለው።»