ቤታ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው? ማፍጠንስ ይቻላል?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ላፕቶፑን ይዞልኝ ከዚራ ሰፈር ድረስ መጣ። «አቦ፣ አዲሱን ዊንዶውስ ጫንኩበት፤ ከዚያ ወዲህ ከበደብኝ» አለኝ። ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ የሙከራ ቅጂ መሆኑን የሚናገር ደብዛዛ ጽሑፍ አለ። ዊንዶውስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም። ልጁ የጫነው ገና ያልተለቀቀውን ነው። ቤታ የሚባለው ይኸው ነው።

ልብስ ያሰፋ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጥሩ ሰፊ ሙሉ ልብስ ሲሠራ መጀመሪያ ጨርቁን በእጅ፣ ለጊዜው፣ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ያያይዘዋል። ከዚያ «እስቲ ልበሰው» ይላል። ብብት ላይ ይጠብቃል፣ ትከሻ ላይ ይሰፋል። ያንን ለብሶ ሰርግ የሚሄድ የለም። ቤታም የሚሰጠው ለልክ ነው። ዋናው ሥራ አልቋል፤ የት የት እንደሚጠብቅ የሚናገረው ግን የለበሰው ሰው ነው።

ዊንዶውስ 7ን እናስታውስ። ቤታው የወጣው በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ነበር። በግንቦት የመጨረሻው የሙከራ ቅጂ ተከተለ። ለገበያ የቀረበው ጥቅምት 22 ቀን 2009 ነው። የቤታው ዴስክቶፕ ላይ የነበረው ሥዕል ዓሣ ነበር፤ የዓሣው ዝርያ ስምም ቤታ ነው። ይህቺን ነገር እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። ያው ቤታ ግን የኤምፒስሪ ሙዚቃ ፋይሎችን መጀመሪያ እየቆረጠ ያበላሽ ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያ አወጣለት። ባክአፕ ያልነበረው ሰው ግን የተቆረጠ ዘፈኑን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ፍጥነት ከማለታችሁ በፊት ፎቶና ሰነዳችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

አሁን ወደ ክብደቱ። ቤታ የሚከብደው በምክንያት ነው። ስህተት ሲፈጠር ለሠሪዎቹ እንዲታይ ውስጥ ውስጡን ብዙ ነገር ይመዘግባል። የስክሪን ካርዱና የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ገና አልተስማማው ይሆናል። ከተጫነም በኋላ አንድ ሁለት ቀን ፋይሎችን እየቆጠረ ዲስኩን ያስጨንቃል። የመጨረሻው በትዕግስት ያልፋል። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ለአንድ ሌሊት ተዉት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኔም እናንተም አንነካቸውም፤ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች አዲሱን ከማውረድ በቀር።

በእጃችን ያለው ሌላው ነው። ታስክ ማናጀር የሚባለውን፣ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት ከፍታችሁ ስታርትአፕ የሚለውን እዩ። የልጁ ላፕቶፕ ሲነሳ አብረውት የሚነሱ ዘጠኝ ፕሮግራሞች ነበሩ። ሰባቱን አጠፋናቸው። ራሙ፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ታይዋን ገበያ ወርዶ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ፣ መግዛት ከማንኛውም ቅንብር ይበልጣል። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ እውነት ስለሆነ።

መልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዊንዶውስ «ለፍጥነት አስተካክል» የሚል አንድ ምርጫ አለው። ተጭነውት ሁሉንም ያጠፋሉ። መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ ያለው እንቅስቃሴ ይጥፋ፣ መስታወት የመሰለው ብርሃን የሚያሳልፈው መልክም ይጥፋ፤ ደካማ ስክሪን ካርድ ላለው ጥሩ ነው። የፊደል ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ግን መልሳችሁ አብሩት። የላቲን ፊደል ያለ እሱም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን እግርና ቀለበት ይበዛዋል። «ጩ»ና «ጨ»፣ «ኋ»ና «ኃ» በትንሽ መጠን ሲሰነጣጠቁ ዓይን ያደክማሉ። ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣልን በስንት ጊዜ ነው! እሱን አሻክሮ የሚገኘው ፍጥነት ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ የድሬ ነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እዚህ ከቀትር በኋላ ክፍሉ ራሱ ምድጃ ነው፤ አሸዋውና አቧራው ደግሞ ፋኑን ይዘጋዋል። ጠዋት የሚበር ላፕቶፕ ስምንት ሰዓት ላይ ቢንቀረፈፍ ቤታውን ብቻ አትውቀሱ። የልጁን ፋን ስከፍተው አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ወጣ። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። ከሥሩ አየር እንዲገባ ሁለት ጎኑን በመጽሐፍ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ፍጥነት እጨምራለሁ የሚሉ ሪጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ጠራጊ ፕሮግራሞችን ግን አትንኩ። ያልተለቀቀ ሲስተም ውስጥ የቱ እንደሚያስፈልግ እነሱም አያውቁም። ሰርቪሶችን፣ ከጀርባ ሆነው የሚሠሩትን ፕሮግራሞች፣ በጅምላ ማጥፋትም እንዲሁ ነው፤ በኋላ አፕዴት እምቢ ይላል፣ ምክንያቱም አይገኝም። አንድ ነገር ከመለወጣችሁ በፊት ሪስቶር ፖይንት፣ ሲስተሙን ወደ ነበረበት የሚመልስ ነጥብ፣ አድርጉ። አንዱን ለውጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሥሩበት፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

የኢንተርኔት ፓኬጅም አስቡበት። የሙከራ ቅጂ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፣ እያንዳንዱም ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። ግንኙነቱን «የሚቆጠር» ብላችሁ ብታስቀምጡት ሳይጠይቃችሁ ብዙ አያወርድም። ቤታ የሚያበቃበት ቀንም አለው። የዊንዶውስ 7 የመጨረሻው የሙከራ ቅጂ ከመጋቢት 1 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ራሱን ያጠፋ ነበር።

ልጁ ሊሄድ ሲል «ጥግ ላይ ያለችውን ጽሑፍ አጥፋልኝ፣ ታስጠላለች» አለኝ። እሷን ተዋት አልኩት። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው በዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነው። ፍላሽ አወጣና ማታ ማታ ሊገለብጥበት ተስማማን።