«ነፃ ምሳ የለም»፦ ከጨዋማው ካም እስከ ሁለተኛው የቀለም ቆርቆሮ

ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር ሲገጥም «ነፃ ምሳ የለም» ይባላል፤ ሂሳቡ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ አንዱ መክፈሉ አይቀርም ማለት ነው። አባባሉ የመጣልን ከአሜሪካ ነው፤ ምሳውም የእውነት ምሳ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የነበሩ መጠጥ ቤቶች ቢራ ለገዛ ሰው ካም፣ አይብና ብስኩት በነፃ ያቀርቡ ነበር። ምግቡ ጨው የበዛበት ነው። የበላ ይጠማል፣ የጠማው ይደግማል፤ የምሳው ሂሳብም በሁለተኛውና በሦስተኛው ብርጭቆ ይወራረዳል። አባባሉ በ1930ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጋዜጣ እንደ ምጣኔ ሀብት ትምህርት ታትሟል። በኋላ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሚልተን ፍሪድማን ስላዘወተረው ብዙ ሰው የእሱ ይመስለዋል።

ሕጉ ግን የአባባሉን ያህል አይከርርም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1971 ያወጣው መመሪያ «ነፃ» ብሎ ማስተዋወቅንም ሆነ «መጀመሪያ ግዛ» ማለትን አይከለክልም። የሚከለክለው የነፃውን ዕቃ ወጪ ዋጋ በመጨመር ወይም ጥራትና መጠን በመቀነስ በሚሸጠው ዕቃ ላይ መጫንን ነው። ስለዚህ ያ ባለ መጠጥ ቤት የቢራውን ዋጋ ካልነካ፣ ብርጭቆውንም ካላሳነሰ፣ ጨዉ ብቻውን የሚያስከስሰው አይመስልም።

ከክስ ያላመለጠው ሜሪ ካርተር የተባለው የቀለም ኩባንያ ነው። ጋሎን ቀለም በ6.98 ዶላር እየሸጠ «አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ» ይል ነበር። ነገር ግን አንዱን ቆርቆሮ ለብቻው በዚያ ዋጋ የሸጠበት ታሪክ የለውም፤ 6.98 የሁለቱ ዋጋ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 ይህን ማሳሳት ነው ብሎ ለኮሚሽኑ ፈረደ።

ከዚህ የተነሳ ዋናው ጥያቄ «መደበኛ ዋጋው ስንት ነበር?» የሚለው ነው። መመሪያው ዕቃው በዚያው መጠንና ጥራት፣ በዚያው የገበያ አካባቢ፣ በቅርቡ ለ30 ቀን ያህል በግልጽ የተሸጠበትን ዋጋ ይወስዳል። ዋጋው ከፍ ዝቅ ሲል ከነበረ፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ብዛት ያለው ሽያጭ የተካሄደበት ዝቅተኛው ይያዛል። ዋሽንግተን አካባቢ ሱቅ ያለው ሰው ሰኞ ዋጋ ጨምሮ ዓርብ «አንድ በነፃ» ቢለጥፍ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መኪናን የመሰለ በክርክር የሚሸጥ ነገር ደግሞ መደበኛ ዋጋ ስለሌለው፣ ከእሱ ጋር ሌላ ዕቃ «በነፃ» ብሎ ማስተዋወቅ ከነጭራሹ አይገባም።

ቅድመ ሁኔታው በማስታወቂያው ከመነሻው፣ ከቅናሹ ጎን መጻፍ አለበት። ኮከብ ምልክት አድርጎ ዝርዝሩን ግርጌ ላይ መቅበር አይበቃም። ድግግሞሹም ገደብ አለው፦ አንድ መጠን ያለው ዕቃ በአንድ አካባቢ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር በላይ፣ ከሦስት ጊዜም በላይ በነፃ ስጦታ መተዋወቅ የለበትም፤ በመካከሉም ቢያንስ 30 ቀን ያስፈልጋል። ሁልጊዜ «በነፃ» የሚታከል ነገር የዕቃው አካል ሆኗልና። «ስጦታ»፣ «ቦነስ»፣ «ሁለት በአንድ ዋጋ» ብሎ ቃሉን መቀየርም አያስጥልም።

በኢንተርኔት የሚሸጠውን «ነፃ ሙከራ» የሚመለከተው የ2010 ሕግ ነው። ሻጩ የካርድ ቁጥር ከመቀበሉ በፊት ሙከራው ሲያበቃ የሚቆረጠውን ገንዘብ በግልጽ መናገር፣ የደንበኛውን ፈቃድ ማግኘትና ቀላል የማቋረጫ መንገድ ማዘጋጀት ግዴታው ነው።