የፎቶ ድረ ገጽ ተጠቃሚ ቆጠራ፦ ሰልችቶኝ የምመልሳቸው ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የፎቶ መጋሪያ የሚሠሩ ወጣቶች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ አስቀድመው የሚነግሩኝ ቁጥር ነው፦ «በወር ይህን ያህል ተጠቃሚ አለን።» «እንዴት ቆጠራችሁት?» ስላቸው የማገኘው መልስ ግን ሁሌም ከሚከተሉት አንዱ ነው።

«የሎጉ መስመር ብዛት የተጠቃሚው ብዛት ነው።» አይደለም። ሎግ ሰርቨሩ የሚቀርብለትን ጥያቄ ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል ነው። አንድ ገጽ ሲከፈት 40 ትንንሽ ምስሎች ከጠራ ሎጉ ላይ 40 መስመር ይጻፋል፤ የከፈተው ግን አንድ ሰው ነው። ምስሉ ከስልኩ ካሽ (ቀድሞ የወረደው ከሚቀመጥበት) ከመጣ ደግሞ ሰርቨሩ እይታውን ጭራሽ አያውቀውም። እይታ የሚቆጠረው ፎቶው ስክሪን ላይ ሲታይ መተግበሪያው ራሱ በሚልከው መልእክት ነው።

«አይፒ አድራሻ ሰውን ይለያል።» አይፒ መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ የሚታይበት ቁጥር ነው፤ የሞባይል ኔትወርክ ግን ብዙ ደንበኞችን በአንድ አይፒ ያስወጣል፤ አይለይም።

«የየቀኑን ተጠቃሚ ደምሬ የወሩን አገኛለሁ።» ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ይሄኛው ነው። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። የአራት ሰኞ ገበያተኛ ቆጥሮ የደመረ ሰው ሳያቋርጥ የሚመጣውን አንድ የግመል ነጋዴ አራት ሰው አድርጎታል። ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በየቀኑ የሚገባ ታማኝ ተጠቃሚ በወሩ ድምር 30 ሰው ይሆናል። ጥሩ የሚሠራ አንድ ልጅ ይህን ድምር ገንዘብ ለሚያወጡ ሰዎች ሊያቀርብ ሲል ከጥሬው መረጃ እንደገና እንዲቆጥር አደረግኩት። ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ደነገጠ፤ ግን እውነቱን ይዞ ሄደ።

ለየቀኑ ማስቀመጥ ያለባችሁ የመለያዎቹን (እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚታወቅባቸውን ኮዶች) ስብስብ ነው። የሁለት ቀን ስብስብ ሲዋሃድ ሁለቱንም ቀን የመጣው ሰው አንዴ ብቻ ይቆጠራል፤ ቁጥር ብቻ ከቀራችሁ ግን ማን እንደተደገመ ማወቂያ የለም። «ሚሊዮን ተጠቃሚ ሲኖርስ ሜሞሪው ይችለዋል?» ትሉ ይሆናል። አብሽሩ፣ መላ አለው። ፊሊፕ ፍላጆሌና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ሃይፐርሎግሎግ የተባለ ስልት አሳትመዋል። እያንዳንዱን መለያ ሃሽ ያደርግና፣ ማለትም በቀመር የዘፈቀደ ወደሚመስል የዜሮና የአንድ ሰልፍ ይቀይርና፣ በሃሹ ላይ ተከታትለው የሚመጡ ዜሮዎችን ያያል። ረጅም የዜሮ ሰልፍ እምብዛም ስለማይገጥም፣ ከተገኘ ብዙ የተለያዩ መለያዎች አልፈዋል ማለት ነው። ያው ሰው መቶ ጊዜ ቢመላለስ ሃሹ ያው ስለሆነ ግምቱ ንቅንቅ አይልም። ሬዲስ በሚባለው የመረጃ ቋት ላይ አንዱ ቆጣሪ ቢበዛ 12 ኪሎባይት ይይዛል፣ መደበኛ ስህተቱም 0.81 በመቶ ነው። የ30 ቀኑን ቆጣሪዎች ፒኤፍመርጅ በሚባለው የሬዲስ ትእዛዝ አዋህዱ፣ የወሩን ተጠቃሚ ታገኛላችሁ። ለየከተማውም እንዲሁ አድርጉ፤ ደሴ ሰንብቶ ወልድያ የሄደ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይደመር። «ሁለቱም ከተማ የታዩት ስንት ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ ግን ይህን ስልት አትመኑት፤ የጋራው ክፍል ትንሽ ሲሆን ስህተቱ መልሱን ይውጠዋል። እዚያ ላይ ትክክለኛውን ስብስብ ያዙ። ደግሞም ሳይመዘገብ የሚገባን እንግዳ በመሣሪያው መለያ ስትቆጥሩ፣ ሁለት ስልክ ያለው ሰው ሁለት እንደሚሆን ሪፖርቱ ላይ ጻፉት።

«ቀን ያው ቀን ነው።» ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሠራ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ላይ ነው። ላሊበላ የገና ሌሊት ሕዝቡ ሳይተኛ ያነሳው ፎቶ እኩሉ በዋዜማው፣ እኩሉ በበዓሉ ይመዘገባል፤ ከዚያ «በዓሉ ብዙም አልተለየም» የሚል ግራፍ ይወጣል። ካሜራው ፎቶው ላይ የጻፈውን ሰዓት ይዛችሁም አትተማመኑ፤ ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር የሞላ ሰው 6 ሰዓት ያዛባባችኋል።

«መልእክቱ የደረሰበት ሰዓት ይበቃል።» ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መተግበሪያው ያለ ኔትወርክ የሆነውን አጠራቅሞ የሚልክ ከሆነ፣ በደረሰበት ሰዓት የሚቆጥር ሰው መጀመሪያ ባዶ፣ ቀጥሎ የተራራ ጫፍ ያያል። የሆነበትንም የደረሰበትንም ሰዓት መዝግቡ፣ ያለፈ ቀን ቁጥርም ሊታረም እንደሚችል አድርጋችሁ ሥሩ።

«ለዚህ ሃዱፕ ያስፈልጋል።» ሃዱፕ መረጃን ለብዙ ማሽኖች አከፋፍሎ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው፤ የአብዛኞቻችሁን መረጃ ግን አንድ ደህና ማሽን ላይ የተጫነ ክሊክሃውስ የሚባል የመረጃ ቋት ይችለዋል።

«ስሙን ካጠፋሁ ማንም አይታወቅም።» ይህን የሚል ሰው አንድ ፎቶ ከፍቶ ኤግዚፍ የሚባለውን መረጃ ይይ። ጂፒኤስ በርቶ ከተነሳ የተነሳበት ቤት ደጃፍ ሳይቀር ተጽፏል፤ ማታ ማታ ከአንድ ቦታ የሚነሳ ፎቶ የማን ቤት እንደሆነ ለጎረቤት አይጠፋውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ለትንተና የሚያስፈልጋችሁ ከተማው ነው፤ ከጂፒኤሱ መጋጠሚያ ነጥብ ከተማውን አውጡና ነጥቡን ወደ ማከማቻው ሳይገባ ጣሉት። ለሌላ ሰው ከሚታየው ፎቶ ላይም አጥፉት።